የሜታሊካ «ጀስቲስ» ሸክላ፦ የ1988ቱን ላስመጣ ወይስ የ2018ቱን?

ጥቁር ሸሚዝ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ቶሎ መልስ የምፈልግበት ጉዳይ አለኝ።

የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ከቨርጂኒያ ይገባል። «ለአንድ ሸክላ የሚሆን ቦታ አለኝ፤ ሁለት ካልክ ተጣላን» ብሎኛል። ሻንጣው በሕፃን ልብስና በቫይታሚን ጢም ብሏል። የምፈልገው የአሜሪካኑን የሜታል ባንድ የሜታሊካን «…ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» አልበም ነው። እሱ ሰፈር ያለ የአሮጌ ሸክላ ሱቅ የ1988ቱን የመጀመሪያ ኅትመት ይሸጣል። ሽፋኑ ጥጉ ላይ ተልጧል እንጂ ሸክላው ደህና ነው ይላሉ። ሌላ ሱቅ ደግሞ በ2018 የወጣውን ሪማስተር (ድምፁ እንደገና የተስተካከለውን) እንደታሸገ ይዟል። አሮጌው ትንሽ ይወደዳል።

እኔ ይህን አልበም ያወቅኩት በካሴት ነው። ታላቅ ወንድሜ ከጓደኛው ያስቀዳው። ካሴቱ ላይ ቤዝ ጊታር የሚባል ነገር አልነበረም። ጥፋቱ የቴፓችን መስሎን ወንድሜ ሄዱን፣ ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ብረት፣ በአልኮልና በጥጥ ሲጠርግ ነው ያደግኩት። ጠረገ፣ ጠረገ፣ ቤዝ የለም። ዓለም በሙሉ ቤዙን እንዳልሰማ ያወቅኩት ኢንተርኔት ቤት መሄድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ናት። ሪማስተሩ ላይ ቤዙ ተመልሷል? ከተመለሰ አዲሱን፣ ካልተመለሰ አሮጌውን።

(ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ አትቆጡኝ።)

ቆጣቢው · 2፡24

ስልክህ ላይ በነፃ አለልህ እኮ።

ጥቁር ሸሚዝ · 2፡26

አመሰግናለሁ። ቀጣይ?

ዝም ያለ ቤዝ · 2፡51

አልተመለሰም። አጭሩ መልስ ይኸው።

ረጅሙን ለሚፈልግ፦ የባንዱ ቤዝ መቺ ክሊፍ በርተን በሴፕቴምበር 1986 ስዊድን ውስጥ ባንዱን የጫነ አውቶቡስ ተገልብጦ ሞተ። ገና 24 ዓመቱ ነበር። በወራት ውስጥ ጄሰን ኒውስቴድ የሚባል ልጅ ፍሎትሳም ኤንድ ጄትሳም ከሚባል ባንድ መጥቶ ተተካ። ሐዘን ሳይወጣ ሰርግ እንደማለት ነው። ልጁን ሲያሾፉበትና ሲፈትኑት ነው የከረሙት፤ ይህን ራሳቸውም አልካዱም። በ1988 መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ዋን ኦን ዋን ስቱዲዮ ገብተው «ጀስቲስ»ን ቀዱ። ፕሮዲውሰሩ ዴንማርካዊው ፍሌሚንግ ራስሙሰን ነው። ኒውስቴድ የድርሻውን መታ፣ ወጣ። ራስሙሰን የቀዳው ቤዝ ጥሩ እንደነበር እስከ ዛሬ በየቃለ ምልልሱ ይናገራል።

ሚክሱን የሠሩት ስቲቭ ቶምሰንና ማይክል ባርቢዬሮ ናቸው። ቶምሰን ኋላ እንደተናገረው፣ ቤዙን በጭንቅ እስኪሰማ ድረስ አውርደው ያለው ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ ነው። አወረደው። ገና ነው፣ ጨምረህ አውርደው አለው። ቶምሰን ሰውየው እየቀለደ መስሎት ነበር።

እኔ ሠርግ ላይ ቤዝ የምመታ ሰው ነኝ። ሰው የሚያስተውለኝ ስሳሳት ብቻ ነው፤ ለምጄዋለሁ። የኒውስቴድ ግን ከሁሉ ይከፋል። የአልበሙ መክፈቻ «ብላከንድ» ከደራሲዎቹ አንዱ እሱ ነው። ከዘጠኙ ዘፈኖች በደራሲነት ስሙ ያለበት ያ ብቻ ነው። በር ከፋቹን ዘፈን አብሮ ሠርቶ ቤቱ ውስጥ ድምፁ አይሰማም። ባንዱ ዛሬ የራሱን አልበሞች የሚያሳትምበት ኩባንያ ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ብላከንድ ሪከርዲንግስ። የ2018ቱ ሸክላ መሃሉ ላይ የታተመው ይህ ነው።

ቆጣቢው · 2፡58

ወይኔ ልጁን 😂 ለዚህ ነው ሠርግ ላይ የማልጨፍረው።

ሚክሰሯ · 3፡30

ዝም ያለ ቤዝ ታሪኩን ተናግሮታል። እኔ ለምን በሪማስተር እንደማይመለስ ልንገራችሁ፤ ሥራዬ ስለሆነ ብዙ ሰው ይህን ሲያምታታ ያንገበግበኛል።

ሚክስ ማለት ወጡ ገና እየተሠራ ነው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ቅቤው ለየብቻ እጅህ ላይ አለ። ማስተር ማለት ወጡ ወርዶ ገበታ ላይ ሲቀርብ ነው። ከወረደ በኋላ ጨው ልትነሰንስ ትችላለህ። ሽንኩርቱን ግን ለይተህ አታወጣም። ሪማስተር የሚሠራው ተደባልቆ ባለቀው ባለ ሁለት ቻናል ቴፕ ላይ ነው። «ቤዙን ከፍ ላድርገው» ብለህ ታችኛውን ድምፅ ብትጨምር አብሮ የሚያብጠው የእግር ከበሮውና የጄምስ ሄትፊልድ ጊታር ነው። በዚህ አልበም ደግሞ የጊታሩ መካከለኛ ድምፅ ተፍቆ ታችና ላዩ ብቻ ነው የቀረው። ታችኛውን ቦታ ጊታሩ ወርሶታል። ኒውስቴድም ብዙ ቦታ ጊታሩን እግር በእግር ተከትሎ ስለመታ፣ ቢኖርም እንኳ ከውስጡ ለይቶ መስማት ይከብዳል። የአንዱ ጥፋት ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ሪሚክስ ቢሠሩ ይመለስ ነበር። ቴፖቹ አሉ። አልፈለጉም። ሄትፊልድ ደጋግሞ ያለው ነገር፣ አልበሙ የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ነው፣ ታሪካችን ስለሆነ አንነካውም ነው። እኔ ደስ አላለኝም፤ ግን ገባኝ። የድሮ ፎቶ ላይ የተኮሳተረን ሰው በኮምፒውተር እንደማስፈገግ ነው።

ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2009 የወጣው የሜታሊካ «ጊታር ሂሮ» ጨዋታ የአንዳንድ ዘፈኖችን መሣሪያዎች ለየብቻ ስለያዘ፣ ከዚያ ቤዙን እያወጡ ከፍ አድርገው ኢንተርኔት ላይ የለቀቁ አሉ። ፈልገህ አንዴ ስማው። ኒውስቴድ እጁ ብረት ነው። ከዚያ ተመልሰህ ሸክላህን ስትሰማ ግን እንግዳ ይሆንብሃል። ያ ድርቀቱ፣ ያ አጥንት ብቻ መሆኑ አልበሙ ራሱ ነው።

ዝም ያለ ቤዝ · 3፡41

በወጡ ምሳሌ ተስማምቻለሁ። በመጨረሻው ግን አልስማማም። አጥንት የወደድሽው ሥጋ ስላልቀረበልሽ ነው።

ሚክሰሯ · 3፡44

😄 ይሁንልህ።

ጥቁር ሸሚዝ · 3፡52

በጣም አመሰግናለሁ። እንግዲህ በራሴ ሕግ አሮጌው ነው ማለት ነው። ግን በድምፅ ሌላ ልዩነት የላቸውም? ገንዘቡ ያው የላብ ነው።

ሚክሰሯ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

አላቸው፤ የሰማይና የምድር ያህል ባይሆንም። የ1988ቱን ማስተር የሠራው ቦብ ሉድዊግ ነው። በሙያችን ይህን ስም ሲጠሩ ሰው ቁጭ ብድግ ይላል። የ2018ቱን ሪማስተር የተቆጣጠረው ግሬግ ፊደልማን ነው፤ ከባንዱ ጋር ከ«ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም ጀምሮ የሠራ። እኔ ሁለቱንም በጓደኛ ቤት በአንድ ማጫወቻ ሰምቻለሁ። ለእኔ ጆሮ አዲሱ ትንሽ ሞላ፣ ትንሽ ጮኸ። አሮጌው ቀጭን ነው፤ ግን ከበሮው ሲመታ አየር አለው። አንዳቸውም አያሳፍሩም። በ2008 «ዴዝ ማግኔቲክ» ሲወጣ ድምፁን ጨምቀው ጨምቀው ጆሮ የሚያደክም አድርገውት ዓለም ጮኾባቸው ነበር። የ«ጀስቲስ» ሪማስተር እዚያ አልደረሰም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሸክላን ለማያውቁ። ሸክላ ላይ ቤዝ ቦታ በሊታ ነው። ወፍራም ድምፅ መርፌዋን ግራና ቀኝ በሰፊው ስለሚያወዛውዛት የምትሄድበት ቦይ ይሰፋል። ቦዩ ሲሰፋ ደቂቃው ያልቃል። በአንድ ጎን 25 ደቂቃ ለማጨቅ የሞከረ ሰው ወይ ቤዙን ይቀንሳል ወይ አጠቃላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጀስቲስ» 65 ደቂቃ ነው፤ በሁለት ሸክላ፣ በአራት ጎን። የመጀመሪያው ጎን 16 ደቂቃ ተኩል፣ ሁለተኛው 14፣ ሦስተኛው 20፣ አራተኛው 15 ቢሆን ነው። ያለ ምንም ጭንቀት ይቀመጣል። እንደዚህ እንደ ሜዳ የሰፋ ቦታ ይዘው ቤዝ የሌለው አልበም መቅረጻቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ቆጣቢው · 3፡20

ቤቱን ሠርተው ተከራይ አጡ በይው።

አሌክሳንድሪያ 22 · 4፡47 (እዚህ ገና ሌሊት ነው፣ ፈረቃ ላይ ነኝ)

ሰላም ወገን። እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ሸክላ የሚታተምበት ፈርነስ የሚባል ፋብሪካ እዚሁ ከተማችን ውስጥ እንዳለ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ2023 ሜታሊካ አብላጫ ድርሻውን ገዝተውታል። የራሳቸውን ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ባለቤት ሆኑ ማለት ነው። ሐበሻው እንጀራ ሊገዛ በሚመላለስበት ከተማ። እኔ ራሴ ለዓመታት ታክሲ ስነዳ ሳላውቀው ኖሬያለሁ።

ለጥቁር ሸሚዝ ስለ ማጓጓዝ ልምከር፤ ተቃጥዬ ስለተማርኩት። አምና ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ በሐምሌ ያዘዝኩት ሸክላ እንደ አክንባሎ ጎብጦ መጣ። ማጫወቻው ላይ ሳስቀምጠው መርፌዋ ጀልባ ላይ የተሳፈረች ነው የምትመስለው። ሻጩ «በፖስታው ነው» አለ፣ ፖስታው «በሻጩ» አለ፣ ገንዘቤ መሃል ቀረ። ስለዚህ የአክስትህ ልጅ ሻንጣ ውስጥ አይክተተው። በእጁ ይያዘው። በላዩ ምንም አይጫንበት። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶት ምሳ እንዳይበላ። ሸክላዎቹን ከሽፋኑ አውጥቶ ከኋላው ያስቀምጣቸው፤ ካልሆነ ሲንገጫገጭ ጠርዛቸው ሽፋኑን ይቀድደዋል። የአሮጌው ሽፋን ደግሞ ቆንጆ ነው፤ ዓይኗ የታሰረው የፍትሕ ሐውልት በገመድ ተተብትባ ስትጎተት።

ሌላ፣ ሻጮች «180 ግራም» እያሉ ዋጋ ሲቆልሉ አትደንግጥ። ወፍራም ሸክላ ቶሎ አይጎብጥም እንጂ ክብደቱ ድምፅ አይጨምርም። ድምፁ ያለው ማስተሩና አቀራረጹ ላይ ነው።

ጋሽ መርፌ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ይህን ጩኸት የምትሉትን ሙዚቃ ብዙም አልወደውም። ሸክላ ግን የኖርኩበት ነው። በልጅነቴ ፒያሳ ሬዲዮና ግራሞፎን ስጠግን ነው ያደግኩት።

ጥቁር ሸሚዝ፣ ልጄ፣ አንድ ያልጠየቁህን ልጠይቅህ። ማጫወቻህን አምፕሊፋየሩ ላይ የሰካኸው የት ነው?

ጥቁር ሸሚዝ · 9፡40

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከኋላ «ኦክስ» የሚል ቀዳዳ አለው፤ እዚያ ነው። ችግር አለው እንዴ?

ጋሽ መርፌ · 9፡58

ድምፁን ስንት ላይ አድርገህ ነው የምትሰማው?

ጥቁር ሸሚዝ · 10፡02

እስከ መጨረሻው ድረስ ነው። አሮጌ ስለሆነ አቅም ያነሰው መስሎኝ።

ጋሽ መርፌ · 10፡30

ገባኝ። ልጄ፣ አንተ ቤት ቤዝ ያጣው ሜታሊካ ብቻ አይደለም። ሸክላህ ሁሉ ነው።

ልጅቷ እንዳለችው ቤዝ ቦታ ይበላል። ስለዚህ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙን ድምፅ አውቀው ይቀንሱታል፤ ቀጭኑን ይጨምሩታል። ቀጭኑ የሚጨመረው የአቧራና የመርፌ ሽሽታ እንዳይውጠው ነው። ይህ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዓለም በሙሉ የተስማማበት ልክ ነው። የተቀነሰውን የሚመልሰው፣ የተጨመረውን የሚቀንሰው ፎኖ የሚባለው ክፍል ነው። የድሮ አምፕሊፋየሮች ከኋላ «ፎኖ» የሚል የራሱ መሰኪያ ነበራቸው። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ የላቸውም። ከሌለው በመሃል የምትገባ ትንሽ ሣጥን አለች፤ ፎኖ ፕሪአምፕ ይሏታል። አንተ ያለ እሷ በቀጥታ ስለሰካህ የምትሰማው የተቀነሰውን ነው። ድምፁ ያነሰህም ለዚሁ ነው፤ ከመርፌ የሚወጣው ምልክት እጅግ ደካማ ስለሆነ።

ሌላ ሸክላ አለህ? የሀገር ቤት?

ጥቁር ሸሚዝ · 10፡37

የእናቴ የጥላሁን ሸክላዎች አሉ። እኔ ደግሞ የድሮ ቅጂ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሳሱት ብዬ…

ጋሼ፣ አፈርኩ።

ዝም ያለ ቤዝ · 10፡39

😭😭😭 ጥላሁንን ያለ ቤዝ!!

ቆጣቢው · 10፡44

ቆይ፣ ማለት ይህ ሰው ሜታሊካን በዚህ ዕቃ ቢሰማ ልዩነቱን በምን ያውቅ ነበር?

ሚክሰሯ · 10፡50

በዓለም ላይ ፎኖ ሳይኖርህ ልታጫውተው የምትችለው ብቸኛ አልበም 😂 እየቀለድኩ ነው፤ ማንም እንዳይሞክረው። ጋሼ፣ እናመሰግናለን፤ ማናችንም ለመጠየቅ አላሰብነውም።

ጋሽ መርፌ · 11፡20

አትፈር። ቤቴ ትርፍ ፕሪአምፕ አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ መጥተህ ትወስዳለህ፣ ስትጨርስ ትመልሳለህ።

ስለ ጥያቄህ ደግሞ፣ አሮጌውን ውሰድ ነው የምልህ። ምክንያቴ ድምፅ አይደለም። እኛ ሀገር ድጋሚ ሲታተም ብዙ ጊዜ ዋናው ቴፕ የለም። ሰው ቤት ከተቀመጠ ሸክላ ላይ እየቀዱ፣ ጭረቱን በኮምፒውተር እየጠረጉ ነው ያወጡልን። እሱም ተገኝቶ ነው። ስለዚህ እኔ የመጀመሪያውን ኅትመት ሳገኝ እጄ አይለቀውም። የነዚህ ፈረንጆች ቴፑ ስላለ አዲሱን ነገም፣ የዛሬ ዓመትም ታገኘዋለህ። አሮጌውን ግን ሌላ ሰው ይወስደዋል።

ጩኸቱን አልወድም አልኩ እንጂ አንዱን ሰምቼዋለሁ። «ዋን» የምትሉትን። ልጄ አስደመጠችኝ። መጀመሪያ ላይ የጦር ሜዳ ድምፅ አለ፤ ከዚያ ረጋ ያለ ጊታር። ስለምን እንደሚዘፍን ጠየቅኳት። እጅ እግሩን፣ ዓይኑን፣ አንደበቱን ጦርነት የወሰደበት ወታደር ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ ታስሮ አለ አለችኝ። አልበሙ መቼ ተቀዳ አልኳት። በ1988 መጀመሪያ አለችኝ። በኛ ሲቆጠር 1980 መሆኑ ነው። መጋቢት 1980 እኔ አፍአበት ነበርኩ።

ይኸው ነው።

አሌክሳንድሪያ 22 · 11፡48

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንኳን በሰላም ተመለሱ።

ዝም ያለ ቤዝ · ከምሽቱ 12፡15

ጋሼ፣ ምንም ማለት አልቻልኩም። ነገ እኔም ሸክላዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።

ጋሽ መርፌ · 12፡30

ና። ቡና አለ።

ቆጣቢው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ከትናንት ጀምሮ «ዋን»ን ስሰማ አደርኩ። በነፃው ስልክ ነው አዎ። በነገራችን ላይ በ1989 ግራሚ ለሃርድ ሮክና ለሜታል መጀመሪያ ሽልማት ሲሰጥ ሁሉም ሜታሊካን ሲጠብቅ ለጄትሮ ታል ሰጧቸው። ዋሽንት የሚነፋ ባንድ! በዓመቱ ነው «ዋን» ያሸነፈው። ይህን ያወቅኩት ዛሬ ሌሊት ነው። ዘግይቼ ነቃሁ፣ ይቅር በሉኝ።

ጥቁር ሸሚዝ · እሁድ፣ ከቀኑ 8፡30

ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት።

የአክስቴ ልጅ አሮጌውን ይዞ ገባ። አሌክሳንድሪያ 22 ያለውን አንድ በአንድ አስነብቤው ስለነበር አውሮፕላን ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነው የመጣው። ሁለቱም ሸክላ ቀጥ ያለ ነው። የሽፋኑ ጥግ ከተባለው በላይ ተልጧል፤ ምንም አይደል። ጉምሩክ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሽፋኑ ላይ ያለችውን የታሰረች ሴት ትንሽ አይተው አሳለፉት።

የጋሽ መርፌን ሣጥን ሰካኋት። መጀመሪያ ግን ሜታሊካን አላደረግኩም። የእናቴን ጥላሁን አደረግኩ። ድምፁን እንደ ልማዴ እስከ መጨረሻ አድርጌ ስለነበር ጎረቤት ሁሉ ነቃ። ቀነስኩት። ቤዙ ከወለሉ ነው የሚመጣው። እናቴ ከጓዳ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። «አዲስ ገዛህ?» አለችኝ። የራስሽ ነው እማ ብላት አላመነችኝም፤ መጥታ ሸክላው ላይ በወጣትነቷ የጻፈችውን ስሟን አየች። እስኪያልቅ እዚያው ቆመች። ወጡ ትንሽ አርሯል፤ በጸጋ በልተነዋል።

ከዚያ «ብላከንድ»ን አደረግኩ። ቤዝ የለም። ልክ እንደ ካሴቱ ነው። ግን ያ ከበሮ፣ ያ ጊታር እንዲህ ንፁህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። አራቱንም ጎን ሳልነሳ ጨረስኩ፤ ለማገላበጥ ብቻ ነው የተነሳሁት። ጋሼ፣ «ዋን» ሲመጣ እርስዎን አስቤ ነው የሰማሁት።

ማታ ወንድሜን ደወልኩለት። ካናዳ ነው ያለው። ምንም ሳልነግረው ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ሰማ።

«ቤዝ የለውም» አለኝ። «ሄዱን ጥረገው።»